የደጀን ሞተር ልብስ

ደጀን የአንሶላውን ቋጠሮ ሲፈታ ናጅዋ የበረንዳውን ቋሚ እንጨት ይዛ ቆማ ነበር። ሁለቱ ጫፎች ቶሎ ተፈቱ፤ ሦስተኛው ስለጠበቀ በጥርሱ ሳበው። አንሶላው ሲዘረጋ ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጠጋ አለ።

ሰባት የሞተር ሳይክል ፕላስቲኮች ናቸው። ስድስቱ አቧራ ጠጥተዋል እንጂ ደህና ናቸው። ሰባተኛው ግን፣ ያ መብራቱን ከፊት አቅፎ የሚይዘው ትልቁ ቀይ ሽፋን፣ ሦስት ቦታ ተሰብሯል።

ደጀን ስብርባሪዎቹን አንስቶ ገጣጠማቸው። ሲለቃቸው መልሰው ተለያዩ። አርባ ዓመት የሞላው፣ ወፈር ያለ፣ ሲናገር ድምፁ ከአፉ ብዙ የማይርቅ ሰው ነው። በመርሳ ሰፈር «ዶክተር» ከተባለ እሱ ነው፤ በሀብሩ ገጠሮች የታመመ ከብት ሁሉ የሚጠብቀው የእንስሳት ሐኪም። አሁን አንዱን ስባሪ በሸሚዙ እጅጌ ጠረግ አደረገና ቀስ ብሎ አንሶላው ላይ መለሰው።

ቀድማ የተናገረችው የናጅዋ እናት ዘይነባ ናት።

«ወላሂ ወንድምዓለም፣ እኔም ልጆቼም እጃችንን አላሳረፍንበትም» አለች። «በኅዳር ቤት ሊፈትሹ የመጡት ናቸው። ቆጡ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ መሬት ሲጥሉት በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄንንም ጣሉት፤ ፈትተው አዩና ስቀው ተዉት። ወላሂ እነሱ ናቸው።»

ዘይነባ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ እንኳ አትምልም። ደንበኛ «እውነት ዋጋው ይሄ ነው? እስቲ ማይልኝ» ሲላት «ከፈለግህ ውሰድ፣ ካልፈለግህ ተወው» ትላለች እንጂ የፈጣሪን ስም ለኪሎ ሽንኩርት አታወጣም። ዛሬ ሁለት ጊዜ ማለች። ናጅዋ የያዘችው እንጨት እጇ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተሰማት።

«እትዬ ዘይነባ፣ ይተዉት እንጂ፤ እናንተ መትረፋችሁ ይበቃል» አለ ደጀን። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና፣ ሐሙስ ዕለት የቀበሌው ኮሚቴ በጦርነቱ የተበላሸ ንብረት እንደሚመዘግብ፣ እማኝ ከሆኑለት ይሄንንም እንደሚያስመዘግብ ነገራት።

«እንኳን አውራ ጣቴን፣ አሥሩንም እፈርምልሃለሁ» አለች ዘይነባ።

*

ሞተሯን ደጀን ያመጣት ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ አሮጌ ናት፤ ግን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በቀይ ፕላስቲክ የተሸፈነች፣ ነጭ መስመር ጎኗ ላይ የተሳበባት፣ ለውድድር የተሠራች የምትመስል ሞተር ነበረች። ሰዉ ሳቀበት። ለጊራና መንገድ ኮረኮንች እንዲህ ያለ ጌጥ ምን ሊሆንለት ነው ተባለ። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባታል፤ አጥቦ ሲጨርስ ደግሞ አቧራ እንዳይነካት አንሶላ ያለብሳታል። የሰፈሩ ሴቶች ይህን አይተው «ሙሽራዋ» አሏት፤ ፕላስቲኩንም «ልብሷ» አሉት። ሚስት አለማግባቱን ጭምር መንካታቸው ነበር። እሱ እየሳቀ ያልፋቸዋል። በኢድም በጥምቀትም የሰፈሩን ልጆች ተራ በተራ ጭኖ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ይመልሳቸዋል።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ወልድያን ሊይዝ መቃረቡ ሲሰማ፣ ደጀን ሙሽራዋን በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈታታት። ብረቷ ከነሞተሩ በሽማግሌው በሙሄዲን ባዶ የማሽላ ጉድጓድ ገባ፤ ጎማዎቿ በጎረቤቲቱ በአስካለ አልጋ ሥር ተደበቁ፤ ልብሷ ወደ ዘይነባ ቆጥ ወጣ። የዚያን ቀን አንሶላውን ለናጅዋ ሲያቀብላት እሱ ክርስቲያን ቢሆንም የእነሱን ቃል መርጦ ነው የተናገረው፤ «አማና ነው» አላት፤ አደራ ማለቱ ነው። አማና በዚያ ቤት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

ናጅዋ ሁለት ወር ጠበቀችው። ትምህርት የለ፣ መብራት የለ፣ ስልክ የለ። አባቷ ጅዳ ነው፤ ይኑሩ ይሙቱ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በጥቅምት የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከተራራው ወዲያ ሲጀምር፣ የአምስት ዓመቱ ወንድሟ አቡበከር መናገር ተወ። ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ጭራሽ ተወ። እናቱ ውሃ ላይ ቁርኣን ቀርታ ዱዓ አደረገች፤ አጎቱ ቀልድ ነገረው፤ ምንም። ሦስተኛው ቀን ላይ ናጅዋ እናቷ ሳታያት ቆጡ ላይ ወጣች፤ ትልቁን ቀይ ፕላስቲክ አወረደች፤ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ በገመድ አሰረችው። ወንድሟን ከፊቷ አስቀመጠችና በከንፈሯ ሞተር አስነሳች።

«ዛሬ ወዴት ነው የምንሄደው?» አለችው።

ልጁ ቀዩን ፕላስቲክ በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ «ሐራ» አለ፤ በቀጭን ድምፅ።

ከዚያ ቀን በኋላ እናታቸው ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ በየቀኑ ይሄዱ ነበር። ሐራ፣ ወልድያ፣ አንዴም ጅዳ። አቡበከር መሪ ይዞ ጥሩምባ ይነፋል፤ ተሳፋሪ ይጭናል፤ ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ «ጎማ ፈነዳ» ይላል። ከዚያ አንድ ጠዋት ድምፁ ከወትሮው ቀርቦ መጣ፤ ቤቱ ተርገፈገፈ። ልጁ ደንግጦ ወደፊት ዘለለ። ገመዱ ተበጠሰ፤ ፕላስቲኩ መሬት ላይ በጀርባው ሲያርፍ የልጁ ሁለት ጉልበቶች መሃሉ ላይ አረፉ።

የመሰበሩን ድምፅ ናጅዋ ከመሣሪያው ድምፅ ይልቅ ታስታውሰዋለች። ስብርባሪውን ጠቅልላ ቆጡ ላይ መለሰችው። ፈታሾቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

*

«እና ምን ይጠበስ?» አለች ፋንቱ። የናጅዋ የስምንተኛ ክፍል ጓደኛ ናት፤ ምሥጢሩን የሰማች እሷ ብቻ ናት። «አታካብጂ። የኛ አህያ በእርጅና ነው የሞተችው፤ አባቴ ግን በጦርነቱ ብሎ ሊያስመዘግባት ነው። የጋሽ ፈንታው ሬድዮ ዝም ካለ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እሱም ተራ ይዟል። ጦርነቱ ስንቱን አድርጓል፤ አንድ ፕላስቲክ ቢጨመርበት ይከፋዋል?»

ናጅዋ ሳቀች። ፋንቱ ስታወራ አለመሳቅ አይቻልም።

«እናቴ ግን ማለች» አለች ቆይታ።

«መቼ አውቃ ማለች?»

«እኔ አውቄ ቆሜ ነበራ።»

ፋንቱ ጫማዋን እያየች «ሼም ነው እሱስ» አለችና ወሬ ቀየረች።

ናጅዋ የቁርኣን ትምህርት ቤት ሳለች መሐላ ያፈረሰ ሰው ድሃ ማብላት ካልቻለ ሦስት ቀን እንደሚጾም ኡስታዛቸው ያስተማሯቸው ትዝ ይላታል። አንድ ሰው ስለ ሌላው መሐላ መጾም ይችል እንደሆነ ግን አልጠየቀችም ነበር። አሁን ደግሞ ብትጠይቅ «የማን መሐላ?» መባሏ ነው። ስለዚህ ሳትጠይቅ ማክሰኞ ጾመች። ለእናቷ ካለፈው ረመዳን የቀረባት ቀዳ መሆኑን ነገረቻት። ዘይነባ አንድም ነገር ሳትጠረጥር ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የልጇን ሱሁር አሞቀችላት፤ ሻዩ ላይ ስኳር ጨመረችላት። ከጾሙ ይልቅ ያ ስኳር ነው ናጅዋን የከበዳት።

*

ደጀን አዲስ ፕላስቲክ ማስመጣት የማይታሰብ ነው አለ። ወልድያ ያሉት የሞተር ዕቃ ሱቆች ባዶ ናቸው። በሌላ በኩል ላሞቹ አይጠብቁም፤ ከብቱ አምስት ወር ክትባት አላየም። ሞተሯ ያለ ፊት ሽፋኗ ልትሄድ ትችል ነበር፤ ግን መብራቷ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ናጅዋም ጥገናውን ላግዝ አለች። ትምህርት ቤቱ ወንበሮቹ ስለተማገዱ ገና አልተከፈተም።

መጀመሪያ በቢላ ነው የሞከሩት። ደጀን ቢላዋውን እሳት ውስጥ አግሎ የቢጫ ጀሪካን ቁራጭ እያቀለጠ ስንጥቁ ላይ ለደፈበት። የተሰነጠቀ የውሃ ጀሪካን በመርሳ እንዲህ ነው የሚጠገነው፤ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ማታ ሲያዩት ያማረ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ደጀን በጥፍሩ ጫፉን ነካ ሲያደርገው እንደ ደረቀ ቅርፊት ሙሉውን ተላቅቆ መጣ።

«ዘሩ አይደለም፤ ጀሪካንና ሙሽራ አይዋለዱም» አለ ደጀን፤ ሳቀም።

ናጅዋ የተላቀቀውን እያየች አንድ ነገር ትዝ አላት። ሮጣ ገባችና ከእህቷ ከከድጃ ሣጥን ትንሽ ጠርሙስ ይዛ ወጣች። ከድጃ ኮምቦልቻ ከመዳሯ በፊት የጥፍር ቀለም የምታስለቅቅበት አሴቶን ነው፤ ግማሹ ቀርቷል። ናጅዋ ከውስጥ በኩል የማያስፈልገውን የተሰበረ የማሰሪያ ጆሮ በቢላ ፋቀች፤ ፍቅፋቂውን በጠርሙስ ክዳን አድርጋ አሴቶኑን ጠብ አደረገችበት። ፍቅፋቂው ለሰለሰ፤ ከዚያ ሟሟ፤ ከዚያ እንደ ወፍራም ገንፎ ሆነ።

ደጀን አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሄንን ማን አሳየሽ?»

«አንዴ የከድጃ መስታወት ላይ ደፍቼው ዳሩ ቀለጠ። ሙቀት ነው ብያት ነበር» አለች። ይህን ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ ራሷን ገረማት።

ከዚያ በኋላ ያለው የደጀን ሙያ ነበር። ስንጥቁ እንዳይቀጥል በየጫፉ በጋለ ምስማር ትንሽ ቀዳዳ በሳ። ከተቃጠለ የመብራት ሽቦ ቀጭን መዳብ መዘዘ። ከቦርሳው ላም የሚሰፋበትን ቆልማማ መርፌ አወጣ። ሽፋኑን ገልብጦ ጭኑ ላይ አደረገና ከውስጥ በኩል፣ የላም ሆድ እንደሚሰፋ፣ በእኩል በእኩል ርቀት ሰፋው። ናጅዋ በስፌቱ ላይ ገንፎውን በእንጨት ስንጣሪ እየቀባች ተከተለችው። ፀሐዩ በርትቷል። ደጀን የረቡዕ ጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ እሱ ውሃ ሲጠጣ ለእሷም ኩባያ ዘረጋላት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተወችው።

«ረመዳን ገና ነው ብዬ ነበር» አለ።

«ቀዳ ነው ጋሼ።»

ደጀን መርፌውን አነሳ። አምስት ስድስት ጊዜ ከወጋ በኋላ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ማውራት ጀመረ። ላም ቆስላ ስትመጣለት ባለቤቷ የሚለውን እየሰማ ቁስሉን እንደሚያይ ነገራት። ገደል ወደቀች ይሉታል፣ ቁስሉ የቀንድ ይሆናል። ጅብ ነው ይሉታል፣ የአጥር ሽቦ ይሆናል።

«ይሄ ለምሳሌ ከቆጥ ወድቆ አይደለም» አለ ጣቱን በስንጥቁ እያስኬደ። «የወደቀ ነገር ጥጉ ነው የሚቀጠቀጠው። ይሄ ግን መሃሉ ላይ ነው የተጫነው። ተገልብጦ ሳለ...»

ዓረፍተ ነገሩ አልተጨረሰም። አቡበከር ከቤት ወጥቶ እየሮጠ መጣ። ቀዩን ፕላስቲክ ሲያይ ፊቱ በራ። ከሽፋኑ ኋላ፣ ደጀን እግር ሥር ቁጭ አለና በከንፈሩ ሞተር አስነሳ።

«ናጁ፣ ነይ ውጪ፤ ዛሬ ወዴት ነው? ሐራ ነው?»

ናጅዋ ስንጣሪውን እንደያዘች ቀረች። ደጀን ልጁን አየ፤ የልጁን ጉልበቶች አየ፤ የስንጥቁን መሃል አየ። ናጅዋን ግን አላያትም።

«ትኬት ቆርጠሃል?» አለው ልጁን።

«እኔ ሾፌር ነኝ!»

«ይቅርታ ሾፌር። በል ትንሽ ጠብቀን፤ ቦሎቄ ነገር እየጫንን ነው» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ስፌቱን ሲጨርስ ሽቦውን ቆርጦ፣ ላም ሰፍቶ ሲነሳ እንደሚያደርገው፣ ሽፋኑን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

*

ሐሙስ ጠዋት ዘይነባ ንጹሕ ሻሿን አስራ፣ አውራ ጣቷን ሳይቀር ታጥባ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ደጀንን ጠበቀች። እሱ ግን ብቻውን ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። ለምን እንዳልጠራት ስትጠይቀው፣ የተቃጠለውን የክትባት ማቀዝቀዣ ማስመዝገቡን፣ ፕላስቲኩን ግን መተዉን ነገራት።

«የተሰፋ ነገር ምኑ ይመዘገባል፣ እትዬ ዘይነባ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ከኋላዬ ቆሞ ነበር» አላት።

«እኔ እኮ ምዬልሃለሁ!»

«አምኛለሁ። ይበቃል።»

ናጅዋ ይህን የሰማችው ከጓሮ፣ ከውጭ በኩል ስፌቱን የሸፈኑበትን የደረቀ ገንፎ በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገች ነው። እጇ ቆመ። እንግዲህ አበቃ። መዝገብ የለም፤ ጣት የለም፤ የሚጠይቃትም የለም። የዛሬው ሦስተኛ ጾሟ ነው። መግሪብ ላይ ጾሟ ያበቃል፤ እሷም ትገላገላለች። ፋንቱ ብትኖር ታጨበጭብላት ነበር። ናጅዋ የሚቀላት መስሏት ጠበቀች። አልቀለላትም። ብርጭቆ ወረቀቱን መልሳ ውሃ ውስጥ ነከረችና ስፌቱ ለጣት እስኪለሰልስ ድረስ ፈገፈገች።

ከሰዓት ቀለም ቀቡት። ቀይ ቀለም በመርሳ አልተገኘም። በዚያ ጥር በከተማው የነበረው ቀለም አንድ ነው፤ አንቲረስት የሚሉት፣ ብረት እንዳይዝግ መጀመሪያ የሚቀባው ቡናማ ቀይ። የተሰበረ በር ሁሉ እየተበየደ እሱን ነበር የሚቀባው፤ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለ በር አንድ ቤተሰብ መስሏል። ደጀን ከበያጁ ግማሽ ቆርቆሮ ለመነ፤ በቤንዚን አቀጠነው፤ ከብት ላይ መዥገር የሚረጭበትን የእጅ መርጫ አጥቦ ሞላው። የመጀመሪያው ርጭት እንባ ሆኖ ወረደ። በጨርቅ ጠርገው እንደገና፣ ራቅ ብለው፣ ስስ ስስ እያደረጉ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ደረቡበት። ናጅዋ ነበረች የረጨችው፤ ደጀን ሽፋኑን በሽቦ አንጠልጥሎ ያዞርላታል።

ፋንቱ በአጥር በኩል ብቅ ብላ አየችና «ሙሽራዋ በር ሆነች እኮ!» አለች።

«ይሁና፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚያንኳኳት እንጂ የሚስቅባት የለም» አለ ደጀን።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስትጠጋ የመጨረሻው ቀለም ደረቀ። ቅርብ ሆኖ ለሚያይ ከቀለሙ ሥር ስፌቱ ትንሽ ያብጣል፤ ከሦስት እርምጃ በኋላ ግን ምንም አይታይም። ደጀን መርጫውን ለማጠብ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ናጅዋ ከኋላው ቆመች። ቀለም የነካ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፤ መልሳ ጠረገች።

«ጋሼ» አለች። «ፕላስቲኩን...»

ደጀን ቀና አላለም። ውሃውን መርጫው ውስጥ አሽከረከረ፤ ደፋው፤ ሌላ ሞላበት።

«የማልኩት እኔ አይደለሁም ናጅዋ» አለ በዚያ ከአፉ በማይርቅ ድምፁ።

ቆመች። እሱ ውሃውን ደግሞ ደፋ። ፊቱ አልተቆጣም። አንድ የከበደ ነገር ተሸክማ መጥታ የአንድ ቤት ደጅ ስታንኳኳ፣ ቀጥሎ ያለውን ደጅ በእጁ ያሳያት ያህል ነበር።

መብራት ስላልነበረ ሙአዚኑ ያለ ድምፅ ማጉያ ነው አዛን ያደረገው፤ ድምፁ ከመስጊዱ ጣሪያ ላይ እየተነሳ እንደ ነፋሱ አካሄድ ይቀርባል ይርቃል። ዘይነባ በአንድ እጇ ተምር፣ በሌላ እጇ የውሃ ኩባያ ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። አቡበከር ቀሚሷን ይዞ ተከተላት።

«ነይ አፍጥሪ የኔ ልጅ። ሦስት ቀን በዚህ ፀሐይ፤ ከንፈርሽ ደረቀ እኮ» አለች።

ናጅዋ ግቢውን አቋርጣ መጣች። ተምሩን ተቀብላ ቢስሚላህ አለችና ጎረሰች። ውሃውን አንዴ ተጎነጨች፤ ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች። እናቷ ሻይ ልታመጣ ዞር አለች።

«ሻዩ ይቆይ እማ» አለች ናጅዋ። በእግሯ በርጩማውን ወደ እናቷ ገፋ አደረገችላት። «መጀመሪያ አንቺ ቁጭ በይ።»